ቅዳሜ፣ ነፋስ ካልበረታ

ካርታውን ያዋሰን ክላይቭ ነው፣ የታች ቤቱ ጎረቤት፣
ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሠላሳ ዓመት።
እጥፋቱ ሳስቶ ሳስቶ በፕላስተር ተጣብቋል፣
አንዱ ጥግ ላይ የሻይ ቀለበት ደርቋል።
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው፤ እየተጠቀለለ ቢያስቸግር
ጨው ጫንበት፣ ሁለት ሎሚ፣ የስልክሽን ቻርጀር።

ሊድስ አልተሳለችም፣ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ቀርታ፤
ፍላምቦሮ ግን እዚህ ነው፣ መሬት ባሕሩን ገፍታ
አፍንጫዋን የቀሰረችበት ቦታ።

«በእኛ ምን ይባላል?» አልሽኝ፣ «እንዲህ ያለው መሬት?»
አሰብኩ፣ ራሴን አከክሁ፣ አወጣሁ አወረድሁት፤
አፋፍ ስንል ገደል አለው፣ ባሕር ግን የለው፤
ጫፍ ስንል ባዶ ነው፣ ነፋስ እንኳ የለው።
«አፍንጫ» ተባለ፤ በሁለት ድምፅ ጸደቀ፣
ተቃውሞም፣ ድምፀ ተአቅቦም የለው።

ባቡር ከሊድስ እስከ ሃል፣ ከሃል እስከ ብሪድሊንግተን፣
ከዚያ አውቶቡስ፤ የእሑዱን አላመንነውም፣ ቅዳሜን መረጥን።
ዋሻዎቹን ከሥር ለማየት ውኃው መሸሽ አለበት፤
ሰንጠረዡን አነበብኩ፦ «የሚሸሸው ሦስት ሰዓት።»
«በማን ሦስት?» አልሽኝ፣ ብዕርሽን አንስተሽ፤
ድሮ፣ ገና ስንተዋወቅ፣ ጣቢያው ሰዓት ሥር ቀጥሬሽ፣
እኔ በእኛ ሦስት ደርሼ፣ አንቺ በእነሱ ሦስት መጥተሽ፣
ስድስት ሰዓት ስጠብቅ የበላሁትን ብስኩት ዛሬም ትቆጥሪያለሽ።
«በእነሱ» አልኩ። ጻፍሽው፤ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርሽ።

የጉልበትሽ ነገር አለ። ሐኪሙ «ዳገት ላይ ቀስ» ብሏል፤
የእኔም ጫማ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በቀር አገር ሳያይ ተረከዙ አልቋል።
አምስት ማይል አልን። አይ፣ ሦስት። አይ፣ እስከ መብራቱ ማማ ብቻ፤
ለእያንዳንዱ ዳገት አንድ ብርቱካን፣ የትንፋሽ መክፈቻ።

ሐምሌ ሳያልቅ ይሄዳሉ አሉ ወፎቹ፣ ሺህ ወፍ ባንድ ግድግዳ፣
እንደ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ሲጮህ በሌላው በረንዳ፤
አንዷማ ምንቃሯን የተቀባች፣ አጭር፣ ክብ፣ የሠርግ እንግዳ፤
ስሟን ክላይቭ ነግሮን ነበር፣
ደረጃውን ሳንጨርስ ጠፋን።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ላጣራ ስልኬን ብነካ
ሁለቱ ካርታዎች ተጣልተው ኖረዋል ለካ።
ክላይቭ በእርሳስ ያሰመረው፣ ሚስቱን ይዞ የሄደበት፣
በአዲሱ ላይ አየር ነው፤ ባሕሩ ከሥር በልቶት፣ ክረምት በክረምት።
አጥሩን ወደ እርሻው አስገብተው፣ መንገዱን ወደ ኋላ ስበውታል፤
ሦስት ጊዜ ይሁን አራት፣ ማን ቆጥሮታል?

እኛም ሦስት ዓመት አቅደናል ይህንኑ ጉዞ፤
አንዴ የሌሊት ፈረቃዬ፣ አንዴ ጉልበትሽ፣ አንዴ ሰማዩ ዝናብ ይዞ፤
«ቦታው የት ይሄዳል?» እያልን። ይሄዳል ለካ፣ ቀስ ብሎ፣
እያንዳንዱ «ለሚቀጥለው ሳምንት»
አንድ ጭብጥ ጠመኔ ባሕር ውስጥ ጥሎ።

«እንንገረው?» አልሽኝ። ዝም አልን። ከታች ሬዲዮው ይሰማል፤
የመርከበኞችን አየር ትንበያ ይከፍታል ማታ ማታ፤
መርከብ የለውም። ያዳምጣል።
«ካርታውን ስንመልስ…» ስል፣ «አይሆንም፣ አብሮን ይምጣ» አልሽ፤
«መንገዱን ያውቀዋል።» «የቱን መንገድ?»
መልስ አልሰጠሽም፤ ከወረቀቱ ላይ «ሁለት ትኬት» የሚለውን ሰርዘሽ
ሦስት ጻፍሽ። ብርቱካኑንም ጨመርሽ።

ማንቂያ ደወል፦ አሥራ አንድ ሰዓት።
በማን? በእኛ። ሌሊት ነው ገና።
ቅዳሜ፣ ነፋስ ካልበረታ።
ቢበረታም፤ አፍንጫው ቆሞ አይጠብቅምና።